ሴት ልጅ የት ትደር?

በአማርኛችን «አልጋ ይዣለሁ» ስንል መኝታውን ብቻ ማለታችን አይደለም። ክፍሉን፣ በሩን፣ ቁልፉን፣ ሌሊቱን ጭምር ማለታችን ነው። አልቤርጎ የሚለው ስም ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ፔንሲዮንም እንዲሁ ከባሕር ማዶ የተቀበልነው ነው። «አልጋ አለ?» የሚለው ጥያቄ ግን የራሳችን ነው። መንገደኛ ከአውቶቡስ እንደ ወረደ ከውሃና ከእንጀራ በፊት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው።

ይህች አጭር ጥያቄ ለወንድ መንገደኛ አብዛኛውን ጊዜ የገንዘብ ጥያቄ ናት። ለወጣት ሴት ግን የገንዘብም፣ የደኅንነትም፣ አንዳንድ ጊዜም የእንጀራ ጥያቄ ትሆናለች። የምታድርበት ያጣች ልጅ ለፈተና አትቀርብም፤ ለፈተና ያልቀረበች ደግሞ ሥራ አታገኝም። ውድ እናቶችና ሠራተኛ እኅቶቼ፣ ዛሬ ከእናንተ ጋር ልወያይበት የፈለግሁት ይኸው ጉዳይ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት በራሴ ቤት ስለ ደረሰ ነው። በ2017 ዓ.ም. ክረምቱ ሊገባ ሲል ኮምቦልቻ የምትኖረው እኅቴ ደወለችልኝ። ልጅዋ በነርስነት ተመርቃ አንድ ዓመት ያህል ሥራ ስትፈልግ ቆይታለች። በመጨረሻ አዲስ አበባ ከሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ለፈተና ተጠራች። ከእርስዋ ጋር ሦስት የክፍል ጓደኞቿም ተጠርተዋል። የጽሑፉ ፈተና ሰኞ፣ የቃሉ ደግሞ ሐሙስ ስለ ሆነ፣ ቅዳሜ ተነሥተው ቢያንስ ስድስት ሌሊት አዲስ አበባ ማደር ግድ ሆነባቸው።

«ስሚ እንጂ፣ የእኔዋስ አንቺ አለሽላት» አለች እኅቴ። «ችግሩ የሌሎቹ ነው። የአንደኛዋ አባት ‹ልጄ አልቤርጎ አታድርም፤ ፈተናው ይቅር› ብለዋል። እርሳቸው እንቢ ካሉ የቀሩት ወላጆችም ይከተሏቸዋል። ልጄ ደግሞ ‹ጓደኞቼን ትቼ ብቻዬን አልሄድም› ብላ ቁጭ ብላለች።»

የእኔ ቤት ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ ያለ ሁለት ክፍል ነው። ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆቻችንና የባለቤቴ እናት እንኖርበታለን። ለአንዲት የእኅት ልጅ ፍራሽ አይጠፋም። አራት ልጃገረዶችን ለስድስት ሌሊት ማሳደር ግን፣ ልብ ቢፈቅድም ግድግዳው አይፈቅድም። በጋራ መኖሪያ ቤት ወይም በኪራይ ቤት የምትኖሩ ሁሉ ይህን ሳልነግራችሁ ታውቁታላችሁ።

ከልካዩን አባት ደውዬ አነጋገርኋቸው። እኔ የጠበቅሁት ቁጡና ግትር ሰው ነበር። እርሳቸው ግን ረጋ ብለው፣ «ልጄ፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ከባድ መኪና ነድቻለሁ። ያላደርሁበት አልቤርጎ የለም። ምን ዓይነት ቤት እንደ ሆነ ለእኔ አይነገረኝም» አሉኝ። ምን ልመልስላቸው? የተናገሩት ካዩት ነው። ስለዚህ «ጋሼ፣ ቤቱን እኔው ራሴ ሄጄ አያለሁ። በሩን ቆልፌ ከፍቼ፣ ከባለቤቱ ጋር ተነጋግሬ እደውልልዎታለሁ። ካልጣመኝ ልክ ነዎት እልዎታለሁ» አልኋቸው። በዚሁ ተስማማን።

በቀድሞው ዘመን እንዲህ ያለው ጣጣ አልነበረም ይባላል። መንገደኛው የመሸበት መንደር ደጃፍ ላይ ቆሞ «የእግዜር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛል፤ አሳድሩኝ» ካለ እምቢ የሚለው አልነበረም። እግሩ ታጥቦ፣ ያለው ተቆርሶለት፣ መደብ ላይ ይተኛል። የቆሎ ተማሪውም ቢሆን ከወሎ ጎንደር፣ ከጎንደር ጎጃም ትምህርት ፍለጋ ሲዞር፣ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ሣር አልብሶ የሠራት ጎጆ ማደሪያው ነበረች። አገራችን ለወጣት መንገደኛ ርካሽ ማደሪያ ማዘጋጀት አዲስ ነገር አልሆነባትም ማለት ነው።

ነገር ግን አስተውሉ። ያ ሁሉ ወግ በአመዛኙ የተዘጋጀው ለወንድ ልጅ ነበር። ሴት ልጅ ብትጓዝ ከወንድሟ ወይም ከአጎቷ ጋር፣ ያውም ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ነው። ብቻዋን ለትምህርት፣ ለፈተና፣ ለሥራ መጓዝ የጀመረችው በእኛና በእናቶቻችን ዕድሜ ነው። መንገዱ ተከፍቶላታል፤ አውቶቡሱም ይጭናታል። ማደሪያው ግን ገና ከመንገዱ ጋር እኩል አልደረሰም። የዘመድ ቤት እየጠበበ ሲሄድ ክፍተቱ ይበልጥ እየሰፋ መጣ።

«ለአዳር ነው ወይስ ለሰዓት?»

ከጉዞው አንድ ሳምንት በፊት፣ አንድ ቅዳሜ ከመገናኛ ተነሥቼ በእግሬ ወደ ላምበረት አቀናሁ። በደብረ ብርሃን በኩል የሚመጡ አውቶቡሶች መንገደኞቻቸውን የሚያራግፉት ላምበረት መናኸሪያ ስለ ሆነ፣ በዙሪያው «አልጋ አለ» የሚል ጽሑፍ ያልተለጠፈበት ቅያስ አይገኝም። ጎሕ ሳይቀድ የሚነሣ አውቶብስ የሚይዝ ሰውም የሚያድረው እዚያው ነው።

የመጀመሪያው ቤት ገና ከመግባቴ እንግዳ ተቀባዩ ቀና ሳይል «ለአዳር ነው ወይስ ለሰዓት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ለስድስት አዳር፣ ለአራት ልጃገረዶች» ስለው ቀና ብሎ አየኝና ሣቀ። እኔም ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም። አልጋውን በሰዓት የሚያከራይ ቤት ሌሊቱን ሙሉ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ፣ የማይታወቅ ሰው ሲወጣና ሲገባ ያድራል። ባለቤቱ ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ንግዱ ግን ለተኛ ሰው የታሰበ አይደለም።

ሁለተኛው ቤት ንጹሕ ነበር። ነጭ አንሶላ፣ ሙቅ ውሃ፣ ቴሌቪዥን አለው። ዋጋው ግን ለአንድ ሌሊት የአንዲት ልጅ የደርሶ መልስ የአውቶቡስ ሒሳብ ያህል ሆነ። ሦስተኛው ርካሽ ነው፤ ሥሩ ግን መጠጥ ቤት ሆኖ ድምፅ ማጉያው ወለሉን ያንቀጠቅጠዋል። ወደ ክፍሉ ገብቼ በሩን ከውስጥ ልዘጋ ብል፣ መቀርቀሪያው በአንድ ብሎን ተንጠልጥሏል። ጣቴን ሳስነካው መሬት ወደቀ። «እናስጠግነዋለን» አለኝ ልጁ። ብሎኑ ላይ ያለው ዝገት ግን ከተፈታ መቆየቱን ይናገር ነበር።

እዚህ ላይ ያ መቀርቀሪያ ለምን ያን ያህል እንዳስጨነቀኝ ልንገራችሁ። ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ከጋዜጠኝነት ትምህርት በዲፕሎማ በተመረቅሁ ሰሞን፣ ለዘገባ ወደ አንድ የክፍለ ሀገር ከተማ ተልኬ ነበር። የተያዘልኝ አልቤርጎ በር ከውስጥ አይቆለፍም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ገደማ አንድ ሰው መጣና ማንኳኳት ጀመረ። ዝም አልሁ። ስሜን ከመዝገቡ አንብቦ ኖሮ በስሜ ጠራኝ። ተነሥቼ አልጋውን ከነፍራሹ ገፍቼ በሩ ላይ አስደገፍሁትና እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርሁ። ሰውየው ምንም ሳያደርግ ሄደ። ነገር ግን በማግስቱ ያነጋገርኋቸውን ሰዎች መልስ በእንቅልፍ ልብ ስጽፍ መዋሌን አልረሳውም። አንዲት ልጅ እንዲህ አድራ በማግስቱ ለፈተና ብትቀመጥ ምን ትጽፋለች?

አራተኛው ቤት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ። ክፍሉም ዋጋውም ደኅና ነበር። ሰውየው ግን «ሴቶች ብቻቸውን ከሆኑ አንቀበልም፤ ጣጣ ያመጡብናል» አለኝ። ጣጣውን የሚያመጡት እነማን እንደ ሆኑ ብጠይቀው መልስ አልነበረውም። እንግዲህ ፍረዱ፤ አንደኛው ቤት ሴት ልጅን የሚቀበለው ለሰዓት ነው፤ ሌላው ጨርሶ አይቀበላትም። ለፈተና የመጣች ነርስ ከሁለቱ መሐል የት ትቁም?

አምስተኛውን ያገኘሁት ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ነው። በግቢው ውስጥ በተወጠረ ገመድ ላይ አንሶላዎች ተሰጥተዋል። ባለቤቷ አምሳ ዓመት የሚሆናቸው ሴት ናቸው። ቡና እያፈሉ ስለ ነበር ቁጭ በይ አሉኝ። ደንበኞቻቸው በአብዛኛው ወደ ሾላ ገበያ ቅቤ የሚያመጡ ሴት ነጋዴዎች መሆናቸውን ነገሩኝ። «ቢራ ብሸጥበት የተሻለ አገኝ ነበር፤ ብዙ ሰው መክሮኛል» አሉ። «ነገር ግን ቢራ ካለ እንቅልፍ የለም። እንቅልፍ ካላገኙ እነዚህ ሴቶች ተመልሰው አይመጡም። እኔ ደግሞ የምኖረው ተመልሶ በሚመጣ ሰው ነው።»

ክፍሉን አየሁ። ሁለት አልጋ አለው፤ አንድ ፍራሽ ወለሉ ላይ ሊጨምሩልኝ ተስማሙ። መቀርቀሪያው ወፍራም ብረት ነው፤ ቆልፌ ከውጭ እንዲገፉት ብነግራቸው ሣቁና ገፉት፤ አልነቃነቅም አለ። መስኮቱ ፍርግርግ አለው። ሽንት ቤቱ የጋራ ነው፤ ነገር ግን በክፍሎቹ አጠገብ ሆኖ መንገዱ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበራበታል። የውጭው በር በአራት ሰዓት ይዘጋል፤ ቁልፉ ከእርሳቸው ጋር ያድራል። እንግዳ ሁሉ መታወቂያውን አሳይቶ ይመዘገባል፤ መዝገቡ ግን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አይታይም፤ ከመሳቢያ ነው ያወጡት። ዋጋው ከነፍራሹ ለአንድ ሌሊት 900 ብር፣ ለአራት ሲካፈል ለእያንዳንዳቸው 225 ብር ሆነ። እዚያው ሆኜ ለኮምቦልቻው አባት ደወልሁና ስልኩን ለሴትየዋ ሰጠኋቸው። ምን እንደ ተባባሉ አልሰማሁም፤ ስልኩን ሲመልሱልኝ ግን «ልጅቱ ትምጣ ብለዋል» አሉኝ።

ከበርሊን እስከ ላምበረት

አውቶቡሱ የደረሰው በዝናብ ምክንያት ዘግይቶ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነው። መናኸሪያው ውስጥ ቆሜ ስጠብቅ ያየሁት ሌላ ነገር አለ። ወጣት ሴት ከአውቶቡስ ስትወርድ ሁለትና ሦስት ወንዶች ይከቧታል። «እኅቴ፣ አልጋ ልያዝልሽ? ሻንጣሽን ልያዘው? ሥራ ፈልገሽ ነው የመጣሽው?» ይሏታል። ከእነርሱ መካከል ሠርቶ አዳሪ ተሸካሚ አለ፤ ሌላ ዓላማ ያለው ደላላም አለ። ከመልካቸው መለየት አይቻልም።

አንዲት አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ አንድ ፌስታል ይዛ ቆማለች። በእጇ ስልክ ቁጥር የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት አለች። ቁጥሩ ቢደወል አይነሣም። አንዱ ሰው «እኔ አውቃቸዋለሁ፤ ላድርስሽ» እያለ ፌስታሏን ሊቀበላት ይጎትታል። አጠገቤ የነበረች አንዲት ነጋዴ ሴት «ማንን ነው የምታውቀው? ስማቸውን ንገረን» ብትለው ፌስታሉን ለቆ ከሰዉ ጋር ተቀላቀለ። ልጅቱን በመናኸሪያው ለነበሩ ፖሊሶች አስረከብናት፤ በማግስቱ ጠይቄ ከአክስቷ ጋር መገናኘቷን ሰማሁ። ያን ምሽት ያቺ ነጋዴ ባትኖርስ? በአገራችን ሰውን በሥራ ስም አታልሎ መበዝበዝ በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 በብርቱ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። አዋጁ ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ፌስታሉን አይይዝላትም፤ በቦታው የሚቆም ሰው ያስፈልጋል።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳይመስላችሁ። ዛሬ በሥርዓታቸው የምናደንቃቸው የአውሮፓ ከተሞችም በዚሁ አልፈዋል። ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት ከጀርመን ገጠር ወደ በርሊን ለሥራ የሚጎርፉ ልጃገረዶች ከባቡር ሲወርዱ የሚጠብቋቸው እንደ እኛዎቹ ያሉ ደላሎች ነበሩ። በዚህ የተነሣ እ.ኤ.አ. በ1894 በበርሊን ሽሌዚሸር ይባል በነበረው የባቡር ጣቢያ አንድ አገልግሎት ተቋቋመ። ሥራው ቀላል ነበር። ሴቶች ጣቢያው ላይ ቆመው ብቻዋን የምትወርደውን ልጅ ይቀበላሉ፤ ደኅና ማደሪያና ደኅና አሠሪ ያመላክቷታል። ይህ አገልግሎት ዛሬም በብዙ የጀርመን ባቡር ጣቢያዎች የተቸገረ መንገደኛን ይረዳል።

ከዚያም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1855፣ ሜሪ ጄን ኪኔርድ የተባሉ ወይዘሮ ለንደን ውስጥ አንድ ማረፊያ ቤት ከፍተው ነበር። የተከፈተው ለማን እንደ ሆነ ሳነብ የእኅቴን ልጅና ጓደኞቿን አስታወሰኝ። ወደ ክራይሚያ ጦርነት ለሚሄዱና ከዚያ ለሚመለሱ ነርሶች ነበር። ያ ቤት የወጣት ሴቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ለተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት አንዱ መነሻ ሆኗል። ሪቻርድ ሺርማን የተባለ ጀርመናዊ አስተማሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1909 ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ዝናብና ነጎድጓድ ያዘውና በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት አደሩ። «የተማሪ ማደሪያ በየመንገዱ ለምን አይኖርም?» የሚል ሐሳብ መጣለት። እ.ኤ.አ. በ1912 አልቴና በምትባል ከተማ በአሮጌ ግንብ ውስጥ የመጀመሪያው የወጣቶች ማደሪያ ተከፈተ። ሐሳቡ ከዚያ ተነሥቶ ዓለምን አዳረሰ።

የእነዚህ ማደሪያዎች ብልሃት ምንድን ነው? ዋጋው በክፍል ሳይሆን በአልጋ ነው። በአንድ ክፍል አራት ወይም ስድስት ወይም ከዚያ በላይ አልጋ ይደረደራል፤ እያንዳንዱ የሚከፍለው የራሱን ነው። በብዙዎቹ ለሴቶች ብቻ የተለየ ክፍል አለ፤ ዕቃ የሚቆለፍበት ሣጥን አለ፤ የጋራ ወጥ ቤት ስላለ ተማሪው ምግቡን ራሱ አብስሎ ይበላል። ነገሩ ሲታይ የቆሎ ተማሪውን ጎጆ ይመስላል፤ ልዩነቱ ሴት ልጅም የምትገባበት መሆኑ ነው። ልጆቻችሁን ለትምህርት ወደ ውጭ የምትልኩ እናቶችም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልጃችሁ የምታርፈው እንዲህ ባለ ቤት ከሆነ፣ የሴቶች ክፍል መኖሩን፣ ሌሊት ተረኛ መኖሩን፣ ከጣቢያው ያለውን ርቀት አስቀድማችሁ ማጠያየቅ አይከፋም።

ከእንጦጦ ላይ ሲታይ

የጽሑፉ ፈተና ካለፈ በኋላ ማክሰኞ ዕለት አራቱን ይዤ ወደ እንጦጦ ወጣሁ። ልጆቹ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተውን የእንጦጦ ፓርክ ለማየት ጓጉተው ነበር። በባሕር ዛፉ መሐል ስንወጣ የጭራሮና የቅጠል ሸክም በወገባቸው ያጎነበሱ ሴቶች ቁልቁል ሲወርዱ አገኘናቸው። እነዚህም መንገደኞች ናቸው፤ የእነርሱ ጉዞ ግን በየቀኑ ነው። በእንጦጦ ማርያም አካባቢ ደግሞ ከየአገሩ ለጠበል የመጡ ሰዎች ሦስትም አራትም ሆነው አንድ ትንሽ ክፍል ተከራይተው ይኖራሉ። በአልጋ መካፈልን ከአውሮፓ መማር የማያስፈልጋቸው ሰዎች ናቸው።

ከላይ ሆነን ቁልቁል ስናይ ከተማው ሁሉ ፎቅ ነው። የእኅቴ ልጅ ዝም ብላ ቆየችና፣ «አክስቴ፣ ያ ሁሉ ፎቅ እያለ አንቺ ለእኛ አልጋ ስትፈልጊ አንድ ቀን ሙሉ ዋልሽ?» አለችኝ።

የቆምንበት ቦታ ራሱ ለመልስ የሚሆን ታሪክ አለው። ዐፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት በእንጦጦ ማርያም ነው። ከዚያ በፊት በ1879 ዓ.ም. ፍል ውሃውን ወደው ከዚህ ተራራ ግርጌ ቤት ያሠሩትና ሰፈሩን አዲስ አበባ ብለው የሰየሙት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። ከተማዋ አድጋ እንግዳ ሲበዛባት፣ በ1898 ዓ.ም. በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል ያሠሩትም እርሳቸው ናቸው። በመጀመሪያ ሰዉ ምግብና መኝታ በገንዘብ መገዛቱ አልገባው ብሎ ስለ ተቸገሩ፣ ዐፄ ምኒልክ መኳንንቱን ይዘው ሄደው በልተው፣ ሒሳብ ከፍለው አሳዩ ተብሎ ይነገራል። ሆቴሉ በጥር 2007 ዓ.ም. ከባድ የእሳት አደጋ ቢደርስበትም ከመቶ ዓመት በላይ መንገደኛ ሲያስተናግድ ኖሯል። እንግዲህ ለአዲስ አበባ ሆቴልን ያስተዋወቀች ሴት ናት። ዛሬ ሴት ልጅ በዚህች ከተማ ማደሪያ ስታጣ ማየት እንዴት አያስቆጭም!

ፈተናው ሐሙስ አለቀ፤ ዓርብ ጠዋት ተመለሱ። ከአራቱ ሁለቱ ተቀጥረዋል። አንደኛዋ ያቺ አባቷ የከለከሏት ልጅ ናት። የእኅቴ ልጅ ተጠባባቂ ተብላ ሌላ ማስታወቂያ እየጠበቀች ነው፤ ተስፋ አልቆረጠችም።

ልጃችሁ ከመነሣቷ በፊት

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፣ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» ይባላል። መንገደኛ ልጅ ላላችሁ እናቶች ከዚያ ሳምንት ያገኘሁትን በአጭሩ ላካፍላችሁ።

በመጀመሪያ፣ አልጋው ከጉዞው በፊት ይያዝ። በከተማው ዘመድ ወይም ጓደኛ ካላችሁ፣ ቤቱን አይቶ እንዲመልስላችሁ ጠይቁ። ሰው ማሳደር ያልቻለ ዘመድ አልጋ ማየት አያቅተውም፤ ግማሽ ቀን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

ሁለተኛ፣ የሚያየው ሰው በሩን ከውስጥ ቆልፎ ከውጭ ያስገፋው። መስኮቱን፣ ወደ ሽንት ቤት የሚወስደውን መንገድ፣ የሌሊት መብራቱን ይይ። ሥሩ መጠጥ ቤት መሆኑን፣ አልጋ በሰዓት ማከራየት አለማከራየቱን ደፍሮ ይጠይቅ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ባለቤት መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ዋጋው በሌሊት ስንት እንደ ሆነ፣ ፍራሽ ቢጨመር፣ ሻንጣ ቢቀመጥ የሚጨመር ሒሳብ መኖር አለመኖሩ አስቀድሞ ይነገር። ልጆች ሁለትም ሦስትም ሆነው ቢጓዙ ሒሳቡም ይቀላል፣ ሌሊቱም ያጥራል።

አራተኛ፣ አውቶቡሱ በጊዜ የሚገባበትን ቀን ምረጡ። ማምሸቱ ካልቀረ፣ ልጅቱ የምትቀበላትን ሰው ስምና ስልክ በሞባይሏ ብቻ ሳይሆን በወረቀትም ትያዝ፤ ሞባይል ባትሪው ያልቃል። መታወቂያዋን ከገንዘቧ ለይታ ትያዝ። ከመናኸሪያ ሻንጣዋን ለማንም አትስጥ። ችግር ቢገጥማት የፖሊስ ነፃ ስልክ 991 መሆኑን ትወቅ።

አምስተኛ፣ ደርሳ በሩን ከዘጋች በኋላ ትደውልላችሁ። ስትደውል አትቆጧት። የምትቆጣ እናት ያላት ልጅ ሌሊት የሚያንኳኳ ሰው ቢመጣ ማንንም አትጠራም።

ለአልቤርጎ ባለቤቶችም አንድ ቃል አለኝ። ከአሥር ክፍላችሁ አንዱን ብቻ አራት አልጋ አስገብታችሁ ለሴት መንገደኞች በአልጋ ሒሳብ ብታከራዩት፣ ከስፖንጅ ፍራሽና ከአንድ ጠንካራ መቀርቀሪያ በቀር የሚያስወጣችሁ ወጪ የለም። ፈተና፣ ሕክምና፣ ፓስፖርት፣ ገበያ ያለባቸው ሴቶች በየሳምንቱ ይመጣሉ። የላምበረቷ ሴትዮ እንዳሉት ደግሞ እንቅልፍ ያገኘ ሰው ይመለሳል።

በከተማ አስተዳደሩ በኩል ስለ ሴቶችና ስለ ወጣቶች ጉዳይ የምትሠሩ ወገኖችም፣ በየመናኸሪያው ምሽት ላይ የምትቆም አንዲት ሠራተኛና አንዲት ትንሽ ጠረጴዛ ብታስቀምጡ፣ በጠረጴዛዋም ላይ የታዩና የተመረጡ ማደሪያዎች ስም ዝርዝር ብታኖሩ፣ ፌስታሏን ይዛ የምትቆመዋ ልጅ የምትሄድበት ይኖራታል። በርሊን ይህን የጀመረችው ሀብታም ስለ ሆነች ሳይሆን ልጃገረዶቿ ስለ ጠፉባት ነው።

ለአባቶች የምለው አጭር ነው። ፍርሃታችሁ ልክ ነው፤ ማንም አይነቅፋችሁም። ነገር ግን ‹አትሄድም› ከማለታችሁ በፊት ‹የት ታድራለች?› ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ተፈልጎ የሚገኝ ነው። በመጪዎቹ ወራት ልጃችሁ ለፈተና የምትጠራባችሁ እናቶች ካላችሁም፣ ከዛሬ ጀምራችሁ ያንን አልጋ ማጠያየቅ ጀምሩ።